«ወፍ ነገረኝ» እስከ መቼ?

ሰሞኑን በተማሪው መካከል አንድ የቈየ የኢጣልያ ፊልም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይታያል። ፊልሙ በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1970) የወጣ ሲሆን፥ ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ባለ ክሪስታል ላባዋ ወፍ» ማለት ነው። አዘጋጁ ዳሪዮ አርጀንቶ በዚያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበረ፤ ፊልሙም የመጀመሪያ ሥራው ነው። ካዩት ተማሪዎች መካከል አንዳንዶቹ ደሙ በዛ ብለው ተጸየፉ፤ አንዳንዶቹ የኤኒዮ ሞሪኮኔን ሙዚቃ አደነቁ። እኛ ግን ይህን ርእሰ አንቀጽ ለመጻፍ የተነሣነው ፊልሙን ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ አይደለም። ፊልሙ የሚያነሣው ጥያቄ በመኝታ ቤታችን፥ በመንደራችንና በአገራችን ጭምር ያለ ጥያቄ ስለ ሆነ ነው። ጥያቄውም፥ ወንጀል በተፈጸመ ጊዜ መርማሪነት ሥራው ያልሆነ ተራ ሰው እስከ ምን ድረስ ይመርምር? የትስ ላይ ይቁም? የሚል ነው።

ፊልሙን ገና ያላያችሁ ወንድሞችና እኅቶች ይቅርታ አድርጉልን፤ መጨረሻውን ሳንናገር ነገሩን ማስረዳት አይቻለንም።

ሳም ዳልማስ የሚባል አንድ አሜሪካዊ ደራሲ ሮማ ከተማ ተቀምጧል። አንድ ሌሊት ብቻውን ሲሄድ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ማሳያ በሆነ ቤት በኩል ያልፋል። የቤቱ ፊት መስታወት ነው፤ ውስጡም በመብራት ተጥለቅልቋል። በዚያ ውስጥ ነጭ የለበሰች ሴትና ጥቁር የለበሰ ሰው በቢላዋ ሲታገሉ ያያል። ሊረዳት ሮጦ ሲገባ በሁለት የመስታወት በሮች መካከል ተቈልፎበት ይቀራል፤ ወደ ውስጥ መግባትም ወደ ውጭ መውጣትም አይችልም። ሴቲቱ ደሟ እየፈሰሰ መሬት ላይ ስትሳብ እያየ ይቆማል። ፖሊስ በደረሰ ጊዜ ኢንስፔክተር ሞሮሲኒ ምስክሩ ከአገር እንዳይወጣ ፓስፖርቱን ይቀማዋል። በከተማዪቱ ሴቶችን እያደነ የሚገድል ሰው አለና፥ ሳም ከዚያ ወዲህ ሳይወድ በግድ፥ ቆይቶም ወዶ፥ መርማሪ ይሆናል።

እንዲህ ያለውን የግድያ ምሥጢር ታሪክ ጣልያኖች «ጃሎ» ይሉታል፤ ቢጫ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ሞንዳዶሪ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ የወንጀል ልብ ወለዶችን በቢጫ ሽፋን ማሳተም በመጀመሩ ነው። ያን ተከታታይ እትም እ.ኤ.አ. በ1941 የፋሺስት መንግሥት እንዲቋረጥ አደረገው። በእኛ አስተያየት ይህ የሚያስገርም አይደለም። ሰውን ያለ ማስረጃ የሚያስርና የሚገድል መንግሥት፥ ሕዝቡ «ማስረጃው የት አለ?» ብሎ መጠየቅን ከልብ ወለድ እንኳ ሳይቀር እንዲማር አይፈልግምና።

በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ አያሌ ጊዜ እውነቱን የሚያገኘው ፖሊሱ አይደለም፤ ደራሲው፥ ሙዚቀኛው፥ ጋዜጠኛው ወይም ጎረቤቱ ነው። ተመልካቹም ደስ የሚለው በዚህ ነው፤ እንደ እርሱ ያለ ተራ ሰው ባለ ማዕርጉን ሲበልጥ ያያልና። ነገር ግን ከዚህ ፊልም ልንወስደው የሚገባን ትምህርት ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለትምህርት ቤት ጋዜጣ ባልበቃ ነበር።

ቁም ነገሩ እንዲህ ነው። ሳም ዳልማስ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አንድ ነገር ያስጨንቀዋል፤ ያየሁት አንድ ነገር አልገጠመልኝም፥ ምን እንደ ሆነ ግን አላውቅም ይላል። ፊልሙ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ የሴቲቱ ባል ከመስኮት ወድቆ ሊሞት ሲል ግድያውን ሁሉ የፈጸምሁት እኔ ነኝ ብሎ ይናዘዛል። ኑዛዜ ተገኝቷልና ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ ፖሊሱም ያምናል፤ ተመልካቹም ይተነፍሳል። እውነቱ ግን ሌላ ነበረ። በዚያ ሌሊት ቢላዋውን የያዘችው ሴቲቱ ነበረች፤ ጥቁር የለበሰውም ባሏ ቢላዋውን ሊያስጥላት ሲታገል ነበረ። የሳም ዓይን አልዋሸውም፤ ሁሉን አይቷል። የዋሸው አስቀድሞ በልቡ የነበረው ፍርድ ነው። ሴትና ወንድ ሲታገሉ፥ ነጭና ጥቁር ለብሰው ሲያይ፥ አጥቂው ማን እንደ ሆነ ገና ሳይመረምር ወሰነ። በስሕተቱም ላይ ስንት ሰው አለቀ።

ይህ የሲኒማ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከ1989 ወዲህ ያለ ጥፋታቸው ተፈርዶባቸው ኋላ በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነጻ ከወጡት እስረኞች መካከል ከግማሽ በሚበልጡት ጉዳዮች ላይ የዓይን ምስክር ስሕተት ተገኝቷል። ከእነዚያ ምስክሮች አያሌዎቹ በቅን ልቡና «በዓይኔ በብሌኑ አየሁት» ብለው የማሉ ነበሩ።

ስለ ወፊቱም አንድ ቃል እንጨምር። ገዳዩ በቴሌፎን ሲዝት ከድምፁ ኋላ አንድ እንግዳ ድምፅ ተቀርጾ ይገኛል። የሳም ወዳጅ የሆነ አንድ ምሁር ድምፁ በሮማ የአራዊት ማቆያ ውስጥ ብቻ የምትገኝ የሩቅ ሰሜን አገር ወፍ ጩኸት መሆኑን ይነግረዋል፤ በዚሁም የገዳዩ ቤት ይታወቃል። በፊልሙ ላይ የምትታየው ወፍ ግን በእውነቱ በራሷ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ጉንጉን ያላት አፍሪካዊት ወፍ ናት፤ የቅርብ ዘመዷም በጣና ሐይቅ ዙሪያ ትኖራለች። እነሆ የአገራችን ወፍ ዘመድ ሮማ ላይ ስሟን ለውጣ ምስክር ሆነች!

በአገራችንም ወፍ ምስክር ነበረች። ከጎዛምን፥ ከስናንና ከማቻከል ከመጣን ተማሪዎች መካከል ከአያቶቹ ስለ አውጫጭኝ ያልሰማ ጥቂት ይመስለናል። በሌላው አገር አፈርሳታ ይሉታል። ከብት ሲሰረቅ፥ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር፥ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሎች ይመረጣሉ። ሰው ሁሉ ያየውንና የሰማውን እንዳይደብቅ ይምላል። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስም ሰዉ ወደ ቤቱ አይሰናበትም። በአደባባይ ለመናገር የሚፈራ ሰው ለሽማግሎቹ በምሥጢር ይነግራል፤ ይህ የምሥጢር ነጋሪ «ወፍ» ይባላል። ወንጀለኛው ያልተገኘ እንደ ሆነ ዕዳውን አገሩ ተካፍሎ ይከፍላል።

ፖሊስ ባልነበረበት ዘመን እንግዲህ አባቶቻችን ሁሉም መርማሪ ነበሩ። ነገር ግን መርማሪነቱ ልጓም ነበረው። ወፊቱ ለብቻዋ አልተለቀቀችም፤ ከፊቷ መሐላ፥ ከአጠገቧ ሽማግሎች፥ ከኋላዋም ዕዳ ነበረባት። በሐሰት የጠቆመ ነፍሱን ያስይዝ ነበር፤ ዝም ያለም ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ይከፍል ነበር።

ከዚህም ሌላ በቁራኛ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፥ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ሰውን «አንተ ሌባ» ያለ ሰው ከዚያ ሰው ጋር አብሮ መሄድ፥ አብሮ መዋል ነበረበት። ዳኛውም ዘንድ ሲደርሱ በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ፊት ለፊት ይጠያየቃሉ። በመንገድ ላይ ጠብ ሲነሣም አላፊ አግዳሚው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮህ የተነሣው ዱላ በአየር ላይ ይቆም ነበር። የተራው ሰው ሥልጣን ይህ ነበረ፤ ማስቆምና ወደ ዳኛ መውሰድ እንጂ መፍረድ አልነበረም።

የጥንቱን ሁሉ ወርቅ ነበረ ለማለት አይደለም። በአውጫጭኝ አዝመራ ሊሰበሰብ ሲገባው ገበሬው ቀናት ይታገት ነበር፤ ወገን የሌለው ድኻና መጻተኛም በቀላሉ ይጠቆም ነበር። ሌባ ሻይም ነበረ፤ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፥ ወገቡን በገመድ ታስሮ መንደሩን ሲዞር የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ያ ሥርዓት መቅረቱ መልካም ሆነ። የምንለው፥ አባቶቻችን ወሬ ብቻውን እንደማይበቃ ዐውቀው ሸክም ጭነውበት ነበር ነው።

ደግሞስ ምርመራ በባለ ሥልጣን እጅ ስለ ገባ ብቻ እውነት ይገኛልን? ኢጣልያ ሲባል የጎጃም ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ሲኒማን ሳይሆን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረውን የወረራ ዘመን ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፥ ወራሪው ጦር ምርመራ አደረገ። ተጣሪዎቹ ወጣቶች በደብረ ሊባኖስ አልፈዋል፥ መነኮሳቱም ተባባሪ ናቸው የሚል የምርመራ ወረቀት ተጻፈ። በዚሁም ወረቀት ምክንያት በግንቦት 1929 ዓ.ም. መነኮሳቱ በመትረየስ ተፈጁ። ግራዚያኒ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መገደላቸውን አስታወቀ፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን ከዚያ እጅግ ከፍ ያደርጉታል። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ዓባይን ተሻግረን በዚያ ገዳም አቅራቢያ እናልፋለን። ገዳሙ ማኅተም ያለበት ጥርጣሬም ጥርጣሬ መሆኑን ሊያስታውሰን ይገባል።

የሕዝብ ጥርጣሬስ? ይህን ለመጻፍ ብዕራችን ይከብደዋል፤ ነገር ግን የራሳችን አገር ነገር ነውና አንሸሽገውም። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፥ አዲስ ዓለም በተባለች ከተማ፥ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች በተሰበሰበ ሕዝብ ተገደሉ። መነሻው ልጆችን ሊጎዱ መጡ የሚል ወሬ ነበረ። ከዚያ ሕዝብ መካከል ብዙው ሰው ክፉ ሰው ነው ብለን አናምንም፤ ለልጆቹ የፈራ ወላጅ ነው። እርሱም እንደ ሳም ዳልማስ በመስታወት ውስጥ አየ፤ እንግዳ ሰዎችን ከልጆች ጋር አየ፤ ያላየውን በልቡ ሞላው። ልዩነቱ፥ ሳም ያየውን ደጋግሞ ራሱን ጠየቀ፤ ያ ሕዝብ ግን ለመጠየቅ አንድ ሰዓት አልሰጠም። በዚያች ሰዓት «በሕግ አምላክ!» ብሎ የሚሰማ ሰው ቢገኝ ኖሮ፥ የተማሩ ሁለት ሰዎች ወደ ቤተ ሰባቸው በተመለሱ ነበር። የሞቱትም እንደ እኛ ደብተር ይዘው የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ነገ ለመመረቂያ ጽሑፋችን መጠይቅ ይዘን ወደ ገጠር የምንወጣው እኛ ነን።

አሁን ወደ መኝታ ቤታችን እንመለስ። በዶርም ስልክ ጠፋ፥ ገንዘብ ጠፋ፥ ላፕቶፕ ጠፋ ሲባል ምን እንደሚደረግ ሁላችን እናውቃለን። በዚያው ሌሊት በስልክ መልእክት አንድ ስም ይወጣል። ስሙ ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ጠዋት ላይ ፎቶግራፉ ይጨመርበታል፤ በምሳ ሰዓት በካፌ አጠገቡ የሚቀመጥ ይጠፋል። ብዙውን ጊዜ ስሙ የሚወጣው ከሩቅ የመጣው፥ ቋንቋው የተለየው፥ ልብሱ ያረጀው ወይም ከሰው የማይገጥመው ተማሪ ነው። ዕቃው ከሣምንት በኋላ ከአልጋ ሥር ቢገኝ «ተሳስተናል» የሚል መልእክት ስሙ በወጣበት ቦታ አይወጣም።

እንግዲህ ከአባቶቻችን ሥርዓት የቱን እንደ ወረስን እናስተውል። ወፊቱን ወሰድን፤ መሐላውን፥ ሽማግሎቹንና ዕዳውን ተውን። በቁራኛ ከተከሳሹ ጋር የታሰረው ከሳሽ ዛሬ ስሙን ሰውሮ በብርድ ልብሱ ውስጥ ተኝቶ ይከስሳል። አንድ ሰው ሲሰደብ የነበረው ጉዳት በአንድ ሰፈር የሚቀር ነበር፤ የዛሬው ግን ልጁ ሳይነቃ እናቱ ዘንድ ይደርሳል።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ታዲያ ዝም እንበልን? አቤቱታ ብናቀርብ ወሩ ይሞላል፤ ሌባው ግን ተመርቆ ይሄዳል» ይሉናል። ይህ ቀላል መከራከሪያ አይደለም፤ ንብረቱን ያጣው ተማሪ ዕንባ እውነተኛ ነው። ያ ስልክ የገበሬ አባት አንድ በሬ የሸጠበት ሊሆን ይችላል። መልሳችን ግን ይህ ነው፤ ዝም አትበሉ፥ መርምሩ፥ ነገር ግን አትፍረዱ። ሳም ዳልማስ ዝም አላለም፤ ፖሊስ የናቀውን ክር ተከትሎ ሄደ፤ ወደ እውነቱም የደረሰው ባለመሰልቸቱ ነው። ቢሆንም በመጨረሻ ብቻውን ገዳይዋ እጅ ላይ ወድቆ ሊሞት ሲል ደርሰው ያዳኑት ፖሊሶች ናቸው። መጠየቅ የሁላችን ሥራ ነው፤ መፍረድ ግን ለዚሁ የተሾመና በፍርዱ የሚጠየቅ ሰው ሥራ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቈጠር ይደነግጋል። ይህን ለፈተና ሸምድደን በዶርም ከረሳነው ትምህርታችን ምኑ ላይ ነው?

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበርና ለተማሪው ሁሉ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ዕቃ በጠፋ ጊዜ በዚያው ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ ያየውን በየራሱ ወረቀት ይጻፍ፤ በስንት ሰዓት፥ ከየት ሆኖ፥ በምን ብርሃን እንዳየ ጭምር ያስፍር። «መሰለኝ» እና «አየሁ» በአንድ መስመር አይጻፉ። ወረቀቱም ለሚመለከተው ኃላፊ ይሰጥ እንጂ በአደባባይ አይለጠፍ።

ሁለተኛ፤ ስሙን የማይናገር ከሳሽ ለአጣሪዎቹ ፍንጭ ለመስጠት ይቻለው፤ የሚያስፈራ ነገር ሊኖር ይችላልና። ነገር ግን በወፍ ቃል ብቻ ማንም አይቀጣ። ወፊቱ መንገድ ታሳይ እንጂ ዳኛ አትሁን።

ሦስተኛ፤ የተጠረጠረ ተማሪ የቀረበበትን ነገር ሰምቶ መልስ ይስጥ፤ የሚያምነውም ጓደኛ አብሮት ይቀመጥ። አመንሁ ቢል እንኳ በማስፈራራት ወይም ሌላውን ለማዳን አለመሆኑ ይጣራ። የፊልሙ ባል ስለ ሚስቱ ብሎ ሐሰት መናዘዙን አንርሳ።

አራተኛ፤ የሰው ስም በሐሰት ያጠፋ ሰው ስሙን ባጠፋበት በዚያው ስፍራ፥ በዚያው ሕዝብ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ። ይህ የአባቶቻችን ዕዳ ነው፤ ሊታደስ ይገባዋል።

አምስተኛ፤ የሕግ መምህሮቻችን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለ ምስክርነትና ስለ አውጫጭኝ ንግግር እንዲያደርጉልን፥ በአካባቢው የሚገኙ ሽማግሎችም ተጋብዘው የሚያውቁትን እንዲያካፍሉን በትሕትና እንለምናለን። እነዚያ አባቶች ሲያልፉ የሚጠፋው ዕውቀት በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት አይገኝም።

መምህሮቻችን ተማሪውን «ማስረጃህን አቅርብ» ብለው በየክፍሉ ያስተምሩታል። ይህ ትምህርት ለፊዚክስና ለታሪክ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ በሌሊት በስልክ ላይ የጎረቤታችን ስም ሲመጣም ይሠራል። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላል የአገራችን ሰው። እያንዳንዳችን ያን ስም ወደ ሌላ ሰው ከማስተላለፋችን በፊት፥ ያየሁት ምንድን ነው? ያላየሁትስ? ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ፥ ከዚህ ጊቢ የሚጠፋው ስልክ ባይቀንስ እንኳ የሚጠፋው ሰው ይቀንሳል።